ማን ተጠቀመ? የሴክስቱስ ሮስኪዩስ ግድያና የአንድ ሌሊት ጉዞ ስሌት



በያለንበት አገር ሰብሰብ ብለን ስለ አንድ ምስጢራዊ ጉዳይ ስንከራከር፣ ነገሩ አድራጊው ያልታወቀ ግድያም ይሁን የጠፋ የማኅበር ገንዘብ፣ ከመካከላችን አንዱ «እስቲ መጀመሪያ ነገሩ ማንን ጠቀመ ብላችሁ ጠይቁ» ማለቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜም ክርክሩ እዚያው ላይ ያበቃል። የተጠቀመው ሰው ስም ይጠራል፤ ጥፋተኛነቱም በዚያው የተረጋገጠ ይመስላል። ሮማውያን ይህን ጥያቄ በላቲን «ኩይ ቦኖ» ይሉት ነበር። ጥያቄውን ዝነኛ ያደረገው ደግሞ አንድ የ26 ዓመት ወጣት ጠበቃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ80 ዓመት፣ አባቱን ገድሏል ተብሎ ለተከሰሰ የገጠር ሰው ያደረገው የመከላከያ ንግግር ነው። ጠበቃው ሲሴሮ ይባላል።

እኔ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ቀን በመሐንዲስነት የምሠራ፣ ማታ ማታ ደግሞ የቆዩ ነገሮችን ማንበብ የምወድ ሰው ነኝ። ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ አሜሪካዊው ስቲቨን ሴይለር እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው «የሮማ ደም» የተባለ መርማሪ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ጎርዲያኑስ የሚባል ምናባዊ መርማሪ ፈጥሮ ጉዳዩን በእርሱ ዓይን ያስቃኘናል። መጽሐፉን ስጨርስ ዋናውን ንግግር በእንግሊዝኛ ትርጉም ፈልጌ አነበብኩት፤ እውነቱን ለመናገር ከልብ ወለዱ ይልቅ እርሱ እንቅልፍ ነሳኝ። «ማን ተጠቀመ?» የሚለውን ጥያቄ ያስተማረን ይኸው ንግግር፣ ቀስ ብሎ ላነበበው ሰው ጥያቄው የት ላይ እንደሚያነክስም ያሳያል። ለማስረዳት የምሞክረው ይህንኑ ነው።

(የሰዎቹን ስም በተቻለኝ መጠን በላቲኑ አነባበብ ጽፌአለሁ፤ ሲሴሮን ግን እንደለመድነው ትቼዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመኑ

ሱላ የተባለው የጦር አዛዥ የእርስ በርስ ጦርነቱን አሸንፎ ሮማን በአምባገነንነት የያዘበት ጊዜ ነበር። ከድሉ በኋላ የጠላቶቹን ስም ዝርዝር በአደባባይ መለጠፍ ጀመረ። ስሙ የተለጠፈ ሰው የሕግ ከለላ የለውም፤ ያገኘው ሁሉ ሊገድለው ይችላል። ገዳዩ ሁለት ታለንት ይሸለማል፤ የሟቹ ንብረት ተወርሶ በሐራጅ ይሸጣል፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም ሹመት እንዳይዙ ይታገዳሉ። ፕሉታርክ እንደጻፈው መጀመሪያ 80 ስም ወጣ። አንድ ቀን ታልፎ 220፣ በማግሥቱም እንደገና ያንኑ ያህል ተለጠፈ።

እንዲህ ያለው ዝርዝር በፖለቲካ ጠላትነት ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር መገመት አያዳግትም። ፕሉታርክ ኩዊንቱስ አውሬሊዩስ ስለሚባል፣ ከማንም ጋር ስላልተጣላ ሰው ይተርካል። ሰውየው ወደ አደባባይ ወጥቶ ዝርዝሩን ሲያነብ የራሱን ስም አገኘ። ያን ጊዜ «ወይኔ! የአልባው እርሻዬ ገደለኝ» በሚል አነጋገር ዕድሉን አማረረ፤ ብዙም ሳይርቅ አንዱ ተከትሎ ገደለው። ሰዎች በመሬታቸውና በቤታቸው ምክንያት ይሞቱ ነበር ማለት ነው።

ሕጉ ዝርዝሩም ሆነ የንብረት ሽያጩ በ81 ዓመት ሰኔ 1 ቀን (በፈረንጆቹ ጁን) እንዲዘጋ ደነገገ። ይህን ቀን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እጠይቃለሁ፤ የምንነጋገርበት ሰው የተገደለው ከዚያ ጥቂት ወራት አልፎ ነው።

ሟቹና ዘመዶቹ

ሟቹ ሴክስቱስ ሮስኪዩስ የአሜሪያ ሰው ነበር። አሜሪካ አላልኩም፤ አሜሪያ ዛሬ አሜሊያ የምትባለው፣ በጣሊያን ኡምብሪያ አውራጃ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። ሰውየው ሀብታም ነበር። በቲቤር ወንዝ ዳርና አካባቢ 13 እርሻዎች ነበሩት፤ ግምታቸው 6 ሚሊዮን ሴስተርስ። የዚያ ዘመን ተራ ወታደር የዓመት ደመወዝ 450 ሴስተርስ ያህል እንደነበር ይገመታልና ልዩነቱን አንባቢ ያስላው። በጦርነቱ የሱላን ወገን የደገፈ፣ እንደ ሜቴሉስ ካሉ የሮማ ትልልቅ ቤተሰቦች ጋር ማዕድ የሚቆርስ ሰው ነበር። ስሙ በጠላቶች ዝርዝር የሚወጣበት ምክንያት አልነበረም።

አባትየው አብዛኛውን ጊዜ ሮማ ይቀመጥ ነበር። ከሁለት ወንዶች ልጆቹ አንዱ ቀደም ብሎ ሞቷል። የቀረው፣ ስሙም እንደ አባቱ ሴክስቱስ የሆነው፣ ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ከግብዣ ቤት ይልቅ እርሻ የሚቀናው ሰው ነበር፤ አሜሪያ ሆኖ ርስቱን ያስተዳድራል። በዚያችው ከተማ ሟቹ በንብረት ጉዳይ የተቃቃራቸው ሁለት ሮስኪዩሶች ነበሩ፤ ሁለቱም ቲቱስ ይባላሉ። አንደኛው ቲቱስ ሮስኪዩስ ካፒቶ፣ ሁለተኛው ቲቱስ ሮስኪዩስ ማግኑስ ነው። ሲሴሮ ካፒቶን ብዙ ድል ያስመዘገበ የቆየ ግላዲያተር፣ ማግኑስን ደግሞ የእርሱ አዲስ ደቀ መዝሙር አድርጎ በምጸት ያቀርባቸዋል። ከዚህ በኋላ ካፒቶና ማግኑስ እያልኩ ብቻ እቀጥላለሁ።

አንድ ምሽት አባትየው ከእራት ግብዣ ሲመለስ በፓላኪና መታጠቢያ ቤቶች አጠገብ ተገደለ። ቦታው ዛሬ የሮማ ፒያሳ ቬኔዚያ ካለበት የሚርቅ አይደለም። በዚያ ሌሊት ልጁ አሜሪያ ነበር፤ ካፒቶም አሜሪያ ነበር፤ ማግኑስ ግን ሮማ ነበር። እስከዚህ ድረስ ብዙ ክርክር የለም።

የሌሊቱ ጉዞ

ሲሴሮ የሚከተለውን ይናገራል። ሰውየው የተገደለው ከሌሊቱ የመጀመሪያ ሰዓት በኋላ ነው። ንጋት ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ማሊዩስ ግላውኪያ የሚባል፣ ከባርነት ነፃ የወጣ የማግኑስ ሎሌ የሞቱን ዜና ይዞ አሜሪያ ደረሰ። 56 የሮማ ማይል በአሥር የሌሊት ሰዓት፣ በቀላል ጋሪዎች እየበረረ። የሄደውም ወደ ሟቹ ልጅ ቤት አይደለም፤ ወደ ሟቹ ባላንጣ ወደ ካፒቶ ቤት ነው። ደሙ ያልደረቀውን መሣሪያ ጭምር እንዳሳየው ሲሴሮ ይናገራል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ወረቀትና እርሳስ አነሳሁ። የሮማ ማይል 1,480 ሜትር ያህል ነው፤ 56ቱ ወደ 83 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ ከምንሄደው ርቀት ጥቂት ቢያንስ ነው። የሮማ ሰዓት ግን እንደኛ ሰዓት እኩል 60 ደቂቃ አልነበረም። እነርሱ ሌሊቱን፣ አጠረም ረዘመ፣ ለ12 ይከፍሉታል። ስለዚህ በሮማ ኬክሮስ አንድ የሌሊት ሰዓት በክረምታቸው እምብርት (በታኅሣሥ) ወደ 74 ደቂቃ፣ በበጋቸው ደግሞ ወደ 44 ደቂቃ ይሆናል። ግድያው ከሰኔ 1 ጥቂት ወራት አልፎ የተፈጸመ በመሆኑ የበጋውን ልንተወው እንችላለን። በመስከረም ግድም ከሆነ አሥሩ ሰዓት በእኛም አሥር ሰዓት ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 8.3 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በታኅሣሥ ከሆነ 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይሆንና ፍጥነቱ ወደ 6.7 ዝቅ ይላል።

እነዚህ ቁጥሮች በጋሪ የሚቻሉ ናቸው። በእግር አይቻሉም። በአንድ ፈረስ ብቻም ጨለማ ውስጥ 83 ኪሎ ሜትር ያለ ቅያሪ መጎተት የሚታሰብ አይመስለኝም። ሲሴሮም «ጋሪዎች» ብሎ በብዙ ቁጥር ነው የተናገረው፤ በመንገድ ላይ ቅያሪ ነበረ ማለት ነው። መንገዱ የታወቀው የአሜሪያ መንገድ፣ ቪያ አሜሪና፣ ከሆነ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነበር፤ ፍርስራሹ ኔፒ በምትባለው ከተማ አካባቢ እስከ ዛሬ ይታያል። ወደ አሜሪያ ለመድረስ ቲቤርንም መሻገር ያስፈልጋል።

ትልቁ ነገር ግን ፍጥነቱ አይደለም፤ ህዳጉ ነው። ሌሊቱ 12 ሰዓት ነው። ግድያው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ነው፤ ጉዞው አሥር ሰዓት ፈጀ፤ መድረሻው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ጎሕ ሲቀድ ነው። 12 ሲቀነስ 1፣ ሲቀነስ 10፤ የሚቀረው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በዚያች ከአንድ ሰዓት ባነሰች ጊዜ ውስጥ ዜናው ግላውኪያ ዘንድ መድረስ፣ «ሂድና ለካፒቶ ንገር» የሚለው ውሳኔ መወሰን፣ ጋሪ መገኘትና ከከተማ መውጣት አለባቸው። መንገድ ላይ የወደቀ ሬሳ አይቶ፣ ማንነቱን ለይቶ፣ ጋሪ አስፈልጎ የሚነሳ ሰው ይህን አያደርስም። ይህን የሚያደርስ ዝግጁ ሆኖ የጠበቀ ሰው ነው።

በእኛ ሙያ አንድ ነገር ሲሰበር ወይም ሲቃጠል፣ መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው የጊዜ ሰንጠረዥ ነው፤ ምን በስንት ሰዓት ሆነ? በማን ላይ እንደሚያመለክት የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ኖሮ ከንግግሩ ሁሉ ልቤን የሚይዘው ይህ አንድ አንቀጽ ነበር።

ንግዱ

ከግድያው በአራት ቀን ውስጥ ወሬው ቮላቴራኤ ደረሰ፤ ሱላ በጦር ሰፈር የነበረባት፣ ከሮማ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ ከተማ ናት። ወሬው የደረሰው ለሱላ አይደለም፤ ክሪሶጎኑስ ለተባለ፣ ሱላ ከባርነት ነፃ ላወጣው ባለሟል ነው። ስሙ በግሪክኛ «ከወርቅ የተወለደ» እንደማለት ነው። ስለ ርስቱ ስፋትና ስለ መሬቱ ማማር፣ ስለ ልጁም የዋህነትና ብቸኝነት ተነገረው። ስምምነት ተደረገ። ዝርዝሩ ከተዘጋ ወራት ቢያልፈውም የሟቹ ስም በዝርዝሩ ገባ፤ ንብረቱ ተወረሰ፤ በሐራጅም ክሪሶጎኑስ ገዛው። የ6 ሚሊዮኑን ርስት በ2,000 ሴስተርስ። ሦስት ሺህ እጥፍ ቅናሽ ነው! ከ13ቱ እርሻዎች ሦስቱ ምርጦች ለካፒቶ ሆኑ። የቀሩትን አሥሩን ማግኑስ በክሪሶጎኑስ ስም ተረከበ። ልጁ የአባቱን የቀብር ሥርዓት ገና ሳይጨርስ ከቤቱ ባዶውን ተባረረ።

ስለ ክሪሶጎኑስ ቤት ሲሴሮ የሚለውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቤቱ በፓላቲን ኮረብታ ላይ፣ በቆሮንቶስና በዴሎስ የነሐስ ዕቃዎች የተሞላ ነው። ከዕቃዎቹ አንዱ አውቴፕሳ የሚባል፣ እሳቱን በሆዱ ይዞ ራሱ የሚያፈላ ማብሰያ ነበር፤ የሳሞቫር ቅድመ አያት ልንለው እንችላለን። ዋጋው በሐራጅ ሲጠራ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች እርሻ የሚሸጥ ይመስላቸው ነበር አሉ። አንድ እርሻ በማብሰያ ዋጋ የገዛ ሰው፣ ማብሰያውን በእርሻ ዋጋ ገዛ!

የአሜሪያ ሰዎች ዝም አላሉም። አሥር የከተማዋን ሽማግሌዎች መርጠው ወደ ሱላ ላኩ፤ ሰውየው የሱላ ወዳጅ እንደነበረ አስረድተው ስሙን እንዲያስፍቁ። ነገር ግን ከአሥሩ አንዱ ራሱ ካፒቶ ነበር። ክሪሶጎኑስ «ስሙን አስፍቃለሁ፣ ርስቱንም እመልሳለሁ» ብሎ ቃል ገባ፤ ካፒቶም ለቃሉ ዋስ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሱላን ሳያዩ ተመለሱ። ስሙም አልተፋቀም። የሽምግልና ነገር እንዴት እንደሚበላሽ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ክፍል ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ልጁ ለነፍሱ ሲፈራ ሮማ ወርዶ የአባቱ ወዳጅ በነበረችው ካይኪሊያ በተባለች የሜቴሉስ ቤተሰብ ወይዘሮ ቤት ተጠጋ። እዚያ ሊገድሉት ስላልቻሉ በፍርድ ቤት መጡበት፤ አባቱን የገደለው እርሱ ነው ተብሎ ተከሰሰ።

ችሎቱ

በዚያን ዘመን ሮማ ፖሊስም ሆነ ዐቃቤ ሕግ አልነበራትም። በአገራችን እንኳ ቀድሞ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ በአፈርሳታ ያወጣጣ ነበር፤ ሮማ ለተራ ግድያ እንዲህ ያለም አልነበራትም። መክሰስ የፈለገ ዜጋ ይከሳል፤ ማስረጃውንም ራሱ ይፈልጋል። ከሳሹ ኤሩኪዩስ የሚባል ልምድ ያለው ሰው ነበር። ዳኞቹ ሁሉ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ፍርድ ቤቱን የሰጣቸው ሱላ ነው። ማግኑስ ከከሳሽ ጎን ተቀምጧል፤ ካፒቶም ለምስክርነት ተቆጥሯል።

ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። አባቱን የገደለ ሰው ተገርፎ፣ በሕይወቱ በቆዳ ስልቻ ውስጥ ተሰፍቶ ውሃ ውስጥ ይጣላል። ውሻ፣ አውራ ዶሮ፣ እፉኝትና ዝንጀሮ አብረውት ይከተቱ እንደነበር የሚነገረው በኋላ ዘመን ምንጮች ነው፤ ሲሴሮ የሚያነሳው ስልቻውን ብቻ ነው። ስለ ስልቻው የተናገረው ክፍል በዕለቱ ታላቅ ጭብጨባ አስገኝቶለት ነበር። ሰውየው ካረጀ በኋላ ግን በ46 ዓመት በጻፈው የንግግር ጥበብ መጽሐፍ ላይ ያንን ክፍል የወጣትነት ግለት ብሎ ራሱን ተችቷል።

ታላላቆቹ ጠበቆች ነገሩ ከሱላ ባለሟል ጋር ስለሚያጋጥም ሸሹ። ሲሴሮ ራሱ እንደሚለው ኤሩኪዩስ ክሱን ሲያሰማ በእርጋታ፣ እንዲያውም በስንፍና ነበር፤ የክሪሶጎኑስን ስም ደፍሮ የሚያነሳ የለም ብሎ ገምቷል። ሲሴሮ ስሙን ሲጠራ ግን ሰዎች ከችሎቱ እየሮጡ ወጡ፤ ለክሪሶጎኑስ ሊነግሩ። ሱላን በተመለከተ ወጣቱ በጥንቃቄ ተራመደ። ታላቁ አምላክ ጁፒተር እንኳ ዓለምን ሲያስተዳድር ማዕበልና ሐሩር ጥፋት ያደርሳሉ፣ ሱላም በብዙ ሥራ ተጠምዶ ይህን ባያይ አይፈረድበትም አለ።

የክሱ መሠረት አባት ልጁን ይጠላው ነበር፣ ከውርስም ሊነቅለው አስቦ ነበር የሚል ነው። ሲሴሮም በሮማ እጅግ የተከበረ ዳኛ የነበረውን ሉኪዩስ ካሲዩስን ጠቅሶ ያንን ጥያቄ ወረወረ፤ ማን ተጠቀመ? ልጁ ዛሬ ለማኝ ነው፤ ማግኑስና ካፒቶ ባለ ርስት ናቸው። ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

ጥያቄው የት ላይ ያነክሳል?

እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ልጁ ርስቱን ያጣው ከግድያው በኋላ ነው። በግድያው ሌሊት፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ስሙ በዝርዝር እንደሚገባና ርስቱ እንደሚወረስ ማን ያውቅ ነበር? በዚያች ሰዓት «አባትየው ቢሞት የሚጠቀመው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ ብቸኛ ወራሽ ልጁ። 6 ሚሊዮን ሴስተርስ! ኤሩኪዩስ በዚያው በካሲዩስ ጥያቄ ልጁን ሊወነጅል ይችል ነበር። ጥያቄው መልስ የሚቀይረው የሚጠየቅበት ቀን ሲቀየር ነው። አንድ ሰው ግድያ የሚያቅደው ደግሞ ሊያገኝ የሚጠብቀውን አስቦ ነው፤ እኛ ግን ሁልጊዜ የምንቆጥረው በኋላ ያገኘውን ነው።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ብንከተለው የሚያደርሰን ማን ዘንድ ነው? ከ13 እርሻ አሥሩን የወሰደው ክሪሶጎኑስ ነው፤ ትልቁ ተጠቃሚ እርሱ ነው። ሆኖም ሲሴሮ ራሱ ክሪሶጎኑስን ገዳይ አላለውም። ክርክሩን ለሦስት ከፍሎታል፤ ክሱ የኤሩኪዩስ፣ ድፍረቱ የሁለቱ ሮስኪዩሶች፣ ጉልበቱ የክሪሶጎኑስ። በሲሴሮ ትረካ መሠረት ክሪሶጎኑስ ወሬውን የሰማው ግድያው ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ዝነኛ ባደረገው ንግግር ውስጥ እንኳ፣ ከሁሉ በላይ የተጠቀመው ሰው ገዳዩ አይደለም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሮማ በዚያ ዓመት ሰው በየመንገዱ የሚገደልባት ከተማ ነበረች። ማግኑስና ካፒቶ ሌላ ሰው የፈጸመውን ግድያ ሰምተው አጋጣሚውን ተጠቀሙበት ቢባል፣ የርስቱ ንግድ ሁሉ ሳይለወጥ እንደተነገረው ሊሄድ ይችላል። የሰው ሬሳ ላይ መነገድ ነውር ነው፤ መግደል ግን ሌላ ነገር ነው። ካፒቶ የሦስት እርሻ ባለቤት መሆኑ የሚያረጋግጠው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ይህን ሦስተኛውን መንገድ የሚዘጋብኝ እንግዲህ የግላውኪያ ጋሪ ነው። ከአንድ ሰዓት ያነሰው ህዳግ ለአጋጣሚ ቦታ አይተውም። ለልጁም ቢሆን ምስክር ይሆነዋል፤ ልጁ ገዳይ ቀጥሮ ቢሆን ኖሮ የምሥራቹ መድረስ የነበረበት ለእርሱ ነው፤ የማግኑስ ሎሌ ለካፒቶ አይሮጥም ነበር።

«የጋሪውን ነገር የነገረን ያው የተከሳሽ ጠበቃ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ትክክል ነው። የኤሩኪዩስ ንግግር አልደረሰንም። የሲሴሮም ንግግር ከችሎቱ በኋላ ተስተካክሎ የወጣ ሊሆን እንደሚችል የታሪክ ሊቃውንት ያነሳሉ፤ ከእነርሱም የልጁን ንጽሕና የሚጠራጠሩ አሉ። ቢሆንም ሁሉም መረጃ እኩል አይደለም። የአባትየው ልብ ውስጥ ፍቅር ነበረ ወይስ ጥላቻ ለሚለው ሲሴሮ የፈለገውን ቢል የሚያርመው የለም። ዜናው በንጋት አሜሪያ መድረሱን፣ ያደረሰውም ግላውኪያ መሆኑን ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ማግኑስ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ካፒቶ ሊመሰክር ይጠብቃል። የመንገዱን ርዝመት ከዳኞቹ ብዙዎቹ ያውቁታል። በእንዲህ ያለ ነገር ላይ የሚዋሽ ጠበቃ ቂል ነው፤ ሲሴሮ ደግሞ ቂል አልነበረም። ደካማው ነጥብ የግድያው ሰዓት ነው። ግድያው ሲሴሮ ካለው ሁለት ሰዓት ቀድሞ የተፈጸመ ቢሆን ህዳጉ ይሰፋል፤ የእኔም ስሌት ይላላል።

ሰዓቱን የሚያውቁ ሰዎች ግን ነበሩ። በዚያ ምሽት ከሟቹ ጋር ባሪያዎቹ ነበሩ። ልጁ በወዳጆቹ ፊት ሁለቱ የአባቱ ባሪያዎች ለምርመራ እንዲቀርቡለት ደጋግሞ ጠይቋል፤ ማግኑስ እምቢ አለ። የባሪያ ቃል በሮማ ሕግ የሚሰማው በሥቃይ ሲጠየቅ ብቻ መሆኑ የዘመኑን ጭካኔ ያሳያል፤ ይሁንና በሕጉ የተፈቀደው መንገድ እርሱ ነበር። ባሪያዎቹ ከርስቱ ጋር ተወርሰው በችሎቱ ጊዜ በክሪሶጎኑስ ቤት ይኖሩ ነበር። አባቱን የገደለ ልጅ፣ ግድያውን ያዩ ምስክሮች ይጠየቁልኝ ብሎ ይለምናል? ገዳይ መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚልስ ወገን ምስክሮቹን ይደብቃል? እኔ በግሌ ከ6 ሚሊዮኑ ይልቅ ይህ እምቢታ ይመዝንብኛል። የጥቅም ጥያቄ የሰውን ፍላጎት ያሳያል፤ የተደበቀ ምስክር ግን የሰውን ፍርሃት ያሳያል።

ኤሩኪዩስ ያላለፈው ሌላ ወጥመድም ነበር። ሟቹ በሕጋዊ መንገድ በዝርዝሩ የገባ ከሆነ እርሱን መግደል ወንጀል አይደለም፤ ስለዚህ ልጁ የሚከሰስበት ነገር የለም። ግድያው ወንጀል ከሆነ ደግሞ ሟቹ በዝርዝሩ አልነበረም፤ ስለዚህ የርስቱ ሽያጭ ሕገ ወጥ ነው። ርስቱን የያዙት ሰዎች ግን ሁለቱንም ፈለጉ፤ ርስቱንም፣ የልጁን ነፍስም።

ከዚያ በኋላ

ልጁ ነፃ ተለቀቀ። ሲሴሮ በንግግሩ የርስቱን ጥያቄ ለደንበኛው አላነሳም፤ እንዲያውም ክሪሶጎኑስ ርስቱን ይዞ ነፍሱን ይተውለት ብሎ ነው የተማጸነው። ሱላ በ78 ዓመት በሕመም ሞተ። ሲሴሮ በ79 ዓመት ወደ ግሪክ ሄደ፤ ፕሉታርክ ሱላን ፈርቶ ነው ሲል፣ ራሱ ሲሴሮ የጤና ጉዳይ ነው ይላል። ከችሎቱ በኋላ ወዲያው ሳይሸሽ በሮማ ጥብቅና መቀጠሉን ስናይ የራሱ ቃል የተሻለ ሚዛን ይደፋል። ከ37 ዓመት በኋላ፣ በ43፣ ማርክ አንቶኒና ጓደኞቹ የሱላን ልማድ መልሰው አዲስ ዝርዝር ለጠፉ፤ ሲሴሮ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ በታኅሣሥ 7 ቀን (በፈረንጆቹ ዲሴምበር) ተገደለ።

ንግግሩ «ለአሜሪያው ሮስኪዩስ» በሚል ርዕስ ይታወቃል፤ የእንግሊዝኛና የሌሎች ቋንቋዎች ትርጉሞቹ በየቤተ መጻሕፍቱ አይጠፉም። ረጅም በመሆኑ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ከ15ኛው እስከ 29ኛው ያለውን ክፍል ቢያነብ ታሪኩን ሙሉ በሙሉ ያገኘዋል። የግላውኪያ ጉዞ 19ኛው ላይ ነው፤ የካሲዩስ ጥያቄ 84ኛው ላይ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበና በስሌቴ ላይ የሚያርመኝ ነገር ያገኘ አንባቢ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል። በተለይ ከፈረስና ከጋሪ ጋር ያደገ ሰው ካለ፣ በሌሊት 83 ኪሎ ሜትር ስንት ቅያሪ እንደሚፈልግ ከእኔ የተሻለ ያውቃል።